የመኪናው ጂፒኤስ ወይስ የስልኩ? በአዲስ አበባ መንገድ የትኛው ያዋጣል

ለሚቸኩል አንባቢ ፍርዱ ከፊት ይምጣ፦ የሚያዋጣው ካርታውን ከስልክ፣ ስክሪኑን ከመኪናው መውሰድ ነው። መኪናው ስልክ የማይቀበል ከሆነ ደግሞ ጥሩ መያዣና ጥሩ ቻርጀር ገዝቶ አብሮት የመጣውን ናቪጌሽን መርሳት ነው። ሻጩ «ፉል ኦፕሽን ነው፣ ናቪጌሽን አለው» ብሎ ዋጋ ሲሰቅል ለዚያች ቃል አንድ ብር እንኳ አይጨምሩ፤ መጀመሪያ መኪናው የቆመበትን ሰፈር በካርታው ላይ ያሳይዎት። አብዛኛውን ጊዜ ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

ናቪጌሽን የምንለው ሦስት ነገር አንድ ላይ ሆኖ ነው፦ ያለንበትን ቦታ የሚያውቅ መቀበያ፣ ካርታ፣ እና መንገዱን የሚያሰላ ሶፍትዌር። መኪና ውስጥ የተገጠመው በመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ስልክን ይበልጣል። በሁለተኛው ግን እኛ አገር ሲደርስ ባዶ እጁን ነው የሚቀረው። ካርታ ከሌለ ደግሞ ሦስተኛው የሚሠራው ሥራ የለውም።

ከሁሉ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ አድራሻ እንዴት እንደሚመጣ ማየት ያስፈልጋል። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ነግሮ «ና» የሚል ሰው የለም። «ሃያ ሁለት፣ ከነዳጅ ማደያው አለፍ ብሎ፣ ወደ ውስጥ ሁለተኛው ቅያስ» ይባላል፤ ከዚያ «ሎኬሽን ልላክልህ» ይከተላል። ሎኬሽኑ በቴሌግራም ይመጣል፣ አንዴ ይነካል፣ ካርታው ይከፈታል፣ ጉዞ ይጀመራል። ይህን አንድ ንክኪ የመኪናው ናቪጌሽን አያውቀውም። እሱ የሚጠይቀው ከተማ፣ ጎዳና፣ ቁጥር ነው።

በጂፒኤስ ቁጥር ማስገባት የሚፈቅዱ አሉ፤ እዚያም ወጥመድ አለ። ስልኩ የሚሰጠው ቁጥር በአስርዮሽ ነው፤ መስቀል አደባባይ አካባቢ ለምሳሌ 9.0105 እና 38.7613 ይላል። የቆዩ የመኪና ሲስተሞች ብዙዎቹ የሚፈልጉት ዲግሪ፣ ደቂቃና ሴኮንድ ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው በ60 ሲባዛ ደቂቃውን ይሰጣል፤ የደቂቃው ትርፍ እንደገና በ60 ሲባዛ ሴኮንዱን ይሰጣል። 9.0105 ማለት እንግዲህ 9 ዲግሪ፣ 0 ደቂቃ፣ 37.8 ሴኮንድ ነው። 38.7613 ደግሞ 38 ዲግሪ፣ 45 ደቂቃ፣ 40.7 ሴኮንድ ይሆናል። አንድ ሰው ሳያሰላ 9 ዲግሪ፣ 01 ደቂቃ፣ 05 ሴኮንድ ብሎ ቢያስገባ መድረሻው ወደ ሰሜን 840 ሜትር ገደማ ይሸሻል። ሁለተኛውን ቁጥር 38 ዲግሪ ከ76 ደቂቃ ሲለው ደግሞ ማሽኑ አይቀበለውም፤ 76 ደቂቃ የሚባል የለማ። መሪ ይዞ ይህን ሁሉ የሚያሰላ ሹፌር ካለ ምክር አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ቻይናዎቹ መኪኖች። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ብዙ ገዢ የሚያየው የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ ተሠርተው የመጡ ናቸው። ቮልስዋገን አይዲ 6 ጭራሽ ለቻይና ብቻ የተሠራ ሞዴል ነው። የእነዚህ መኪኖች ስክሪን ትልቅና የሚያምር ነው፤ ውስጡ የተጫነው ግን የጋኦዴ ወይም የባይዱ ካርታ ሲሆን የተዘጋጀውም ለቻይና መንገድ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት ቀስቷ ባዶ መሬት ላይ ቆማ ትታያለች።

እዚህ ላይ ገንዘብ የሚበላ አንድ ስህተት አለ። ስክሪኑን ወደ እንግሊዝኛ የሚቀይሩ ባለሙያዎች አሉ፤ ሥራቸውም ጠቃሚ ነው፤ ኤሲውንና የቻርጅ ቅንብሩን አንብቦ መረዳት ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ቋንቋ መቀየር ካርታ አይቀይርም። «እንግሊዝኛ ሲሆን ናቪጌሽኑም ይሠራል» የሚል ካለ ከመክፈልዎ በፊት ከሰፈርዎ ወደ ቃሊቲ መንገድ አውጥቶ ያሳይዎት።

ሌላው ሲሙ ነው። መኪናው ውስጥ የተገጠመው ሲም የቻይና ሲሆን የሚመዘገበውም በቻይና መታወቂያ ነው፤ ስለዚህ እዚህ መኪናው በራሱ ኢንተርኔት አያገኝም። ከስልክ ሆትስፖት ከፍቶ በዋይፋይ ማገናኘት ይቻላል፤ ያኔ አንዳንድ ነገር ይነሳል፣ ካርታው ግን ያው ነው።

ቢዋይዲ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ዲሊንክ የሚባለው ሲስተሙ በአንድሮይድ ላይ የተሠራ ስለሆነ አፕ በፍላሽ መጫን የሚፈቅዱ ቅጂዎች አሉ። አዳዲሶቹ ይህን እየዘጉ መጥተዋል፤ ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ያስሞክሩ። ከተፈቀደ የሚጫነውን መምረጥ ነው። በቻይና ሲስተም ላይ የጉግል አገልግሎቶች ስለሌሉ ጉግል ማፕስ በአካውንት መግባትና የተቀመጡ ቦታዎችን ማምጣት ላይ ይቸገራል። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስማንድ የሚባሉት የካርታ አፖች ግን ከጉግል ጋር ጉዳይ የላቸውም፤ ካርታቸው በጎ ፈቃደኞች ከሚሠሩት ኦፕን ስትሪት ማፕ ከሚባለው ነፃ ካርታ የሚመጣ ነው፣ የኢትዮጵያን ካርታ አንዴ በዋይፋይ ካወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ኦርጋኒክ ማፕስ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም። ኦስማንድ ዝርዝሩ የበዛና ለለመደው ኃይለኛ ነው፤ ነፃው ቅጂ የሚወርዱትን ካርታዎች ብዛት ይገድባል፤ ለአንድ አገር ግን ይበቃል።

«ካርላይፍ አለው» ሲባልም ጆሮ ማቆም ነው። ካርላይፍ የባይዱ ነው፣ ሃይካር የሁዋዌ፤ ሁለቱም ካርፕሌይ (የአይፎንን ካርታና አፕ በመኪናው ስክሪን ላይ የሚያወጣው የአፕል ሲስተም) አይደሉም። ካርላይፍ ስልክን ከስክሪኑ ጋር ቢያገናኝም በዋናነት የሚያወጣው የራሱን የባይዱን ካርታ ነው። ለውጭ ገበያ የተሠራ ቢዋይዲ ግን ካርፕሌይና ለአንድሮይድ ስልክ ተመሳሳዩን ሥራ የሚሠራውን አንድሮይድ አውቶ ይዞ ይመጣል፤ ለቻይናና ለውጭ ገበያ በተሠሩት መኪኖች መካከል የሚታየው የዋጋ ልዩነት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፣ እኛም ተገቢ ነው እንላለን።

ከዱባይና ከአውሮፓ በመጡት የቆዩ ቶዮታዎችና ኒሳኖች ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ካርታቸው በኤስዲ ካርድ ወይም በዲቪዲ ነው፣ የተሸጠውም ለዚያው ክልል ነው። ካርዱን ኮፒ አድርጎ በሌላ መቀየር በብዙ ሞዴሎች አይሳካም፤ ሲስተሙ የካርዱን መለያ ይፈትሻል። የኢትዮጵያ ካርታ ቢገኝለት እንኳ መንገዱ የተሣለው ከዓመታት በፊት ነው። ከኮሪደር ልማቱ በኋላ ፒያሳ ላይ የነበረ ማዞሪያ የለም፣ ያልነበረ አለ። የፍጥነት መንገዱ ሳይሠራ የተዘጋጀ ካርታ ደግሞ አዳማ ለመሄድ በቢሾፍቱና በሞጆ መሃል ከከባድ መኪና ጋር ያጋፋዎታል።

የመኪናው ሲስተም በእውነት የሚበልጥበት ቦታ አለ፤ ይህን መካድ አይገባም። አንቴናው ብዙውን ጊዜ ጣራ ላይ ነው፤ ሰማዩን በሙሉ ያያል። ከሳተላይቱ በተጨማሪ የጎማውን ፍጥነትና የመዞሪያ ሴንሰሩን ያነባል፤ ሲግናል ሲጠፋ «በዚህ ፍጥነት፣ በዚህ አቅጣጫ ይህን ያህል ሄድኩ» ብሎ ያሰላል። በፑሽኪን–ጎተራ መንገድ ዋሻ ውስጥ፣ ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ፣ ከልደታ ወደ ስታዲየም ባቡሩ ከላይ በሚያልፍበት የመንገድ ክፍል ልዩነቱ ይታያል። ስልክ የባቡሩ ድልድይ ግማሽ ሰማይ ሲሸፍንበት ቀስቷን ወዲያና ወዲህ ያስዘልላታል።

ቀለበት መንገዱ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ስልክ በክፍት ሰማይ ስር እንኳ እስከ 5 ሜትር ገደማ ይስታል፤ ዋናው መንገድና የጎኑ መንገድ የሚለያዩት በዚያች ርቀት ነው። ስልኩ በጎን መንገድ ያሉ መስሎት «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ይላል፤ እርስዎ ግን ከአጥሩ ወዲህ በዋናው ላይ ነዎት። መውጫው ካለፈ እስከ ቀጣዩ ዩ-ተርን ድረስ ሄዶ መመለስ ነው። መፍትሔው መውጫውን አንድ ኪሎ ሜትር ቀድሞ በካርታው ላይ አይቶ ድምፁን ሳይሆን ታፔላውን መከተል ነው። ኤል1 እና ኤል5 የሚባሉትን ሁለቱንም ሞገድ የሚቀበሉ ስልኮች በዚህ ይሻላሉ፤ ከአይፎን በኩል ይህ የመጣው በ14 ፕሮ ነው፣ ከአንድሮይድ መጀመሪያ የያዘው እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሻኦሚ ሚ 8 ነበር።

ሌላ ትንሽ ነገር፦ የቆመ ስልክ ፊቱ ወዴት እንደሆነ በደንብ አያውቅም። «ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተጓዝ» የሚለው ለዚህ ነው። ርካሽ ስልኮች ላይ ኮምፓስ ወይም ጋይሮስኮፕ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ሃያ ሜትር ያህል ቀስ ብለው ሲነዱ ቀስቷ ትስተካከላለች፤ በመጀመሪያው ትእዛዝ መታጠፍ የለብዎትም።

ስልኩን የሚመርጥ ሰው አራት ነገር ሳያስተካክል ስልኩን ቢወቅስ ይፈረድበታል።

አንደኛው ካርታን ቀድሞ ማውረድ ነው። ጂፒኤስ ራሱ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ከሳተላይት በነፃ የሚመጣ ነው። ኢንተርኔት የሚፈልገው ካርታው ነው። ጉግል ማፕስ ላይ ፕሮፋይል ፎቶውን ነክተው «ኦፍላይን ማፕስ» ይግቡ፣ የራስዎን ካርታ የሚመርጡበትን ይንኩ፣ ሰማያዊውን ሳጥን አዲስ አበባን፣ ሸገርንና የሚሄዱበትን መንገድ እስኪይዝ ጎትተው ያውርዱ። የወረደው ካርታ ካልታደሰ ጊዜው ያልፍበታል፤ በዋይፋይ ራሱን እንዲያድስ ቅንብሩን ክፍት ያድርጉት። ያለ ኢንተርኔት የመኪና መንገድ ያወጣል፣ የትራፊክ መጨናነቅና አማራጭ መንገድ ግን አያሳይም። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ይህን ሳያደርግ ባይነሳ ይሻላል፤ በረሃው ውስጥ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ መንገዱ በስልኩ ላይ ቢቆይም፣ ከመንገዱ ወጥተው እንደገና ማስላት ሲያስፈልገው ይቆማል። ዌዝ የሚባለው የናቪጌሽን አፕ ለዚህ አይሆንም፤ ከነባሕርዩ ኢንተርኔት ላይ የቆመ ነው። ስለ ዳታ ፍጆታ የሚፈሩ አሉ፤ ተራው ካርታ በሰዓት የሚበላው ጥቂት ሜጋባይት ነው፣ ዳታ የሚጨርሰው የሳተላይት ምስሉን ከፍቶ መንዳት ነው።

ሁለተኛው ቻርጀር ነው። በሲጋራ መለኮሻው የሚሰካ 1 አምፔር ርካሽ ቻርጀር 5 ዋት ብቻ ይሰጣል። ስክሪን በሙሉ ብርሃን፣ ጂፒኤስና ዳታ አብረው ሲሠሩ ስልኩ ከዚያ በላይ ሊበላ ይችላል፤ ተሰክቶም ባትሪው ይወርዳል። 18 ወይም 20 ዋት የሚሰጥ ይግዙ።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። አፕል አይፎን እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው አየር ውስጥ እንዲሠራ ነው የሚለው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው ክሩስኮት (ዳሽቦርድ) ላይ፣ ከመስታወቱ ሥር፣ ይህ በቀላሉ ይታለፋል፤ ስልኩ ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ቻርጅ ያቆማል፣ በመጨረሻም ራሱን ይዘጋል። መያዣውን ከመስታወቱ አውርደው የኤሲ መውጫው ላይ ቢያደርጉት ንፋሱ ያቀዘቅዘዋል። ማሞቂያ ሲከፈት ግን ያችው መውጫ ጠላት ትሆናለች።

አራተኛው ባትሪ ቆጣቢው ነው። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና ሳምሰንግ ላይ ቆጣቢው ሲበራ ስክሪኑ እንደጠፋ ሎኬሽኑን ያቆማል። ናቪጌሽኑ «ሲግናል እየፈለገ» የሚለው ብዙ ጊዜ በሰማዩ ሳይሆን በዚህ ነው። የካርታውን አፕ ከቆጣቢው ነፃ ያድርጉት።

ስልኩን በእጅ ይዞ መንዳት እንደሚያስቀጣ ማንም ያውቃል፤ መያዣ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ስልክን ከመኪናው ስክሪን ጋር ማገናኘት ደግሞ የሁለቱን ጥቅም አንድ ላይ ይሰጣል። ካርፕሌይ መኪናው የራሱን የጂፒኤስ መረጃና የጎማ ፍጥነት ወደ አይፎኑ እንዲያሳልፍ ይፈቅዳል፤ መኪናው ይህን የሚደግፍ ከሆነ ካርታው የስልኩ፣ አንቴናው የጣራው ይሆናል። የማይገናኝ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬብሉ ነው፦ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግና ዳታ የማያስተላልፍ ገመድ ገበያው ላይ ሞልቷል። ፋይል ወደ ኮምፒውተር የሚያስተላልፍ ገመድ ከሆነ ይሠራል። ገመድ አልባ አዳፕተር የምትባለዋ ትንሽ ሳጥንም ብዙ ሰው ታሳስታለች፤ እሷ የምትሠራው በገመድ ካርፕሌይ ያለው መኪና ላይ ብቻ ነው። የሌለውን አታመጣም።

የሌለው መኪና መንገዱ አንድሮይድ ቴፕ ማስገጠም ነው። 1 ጊጋባይት ራም ያለውን አይንኩት፤ ካርታና ሙዚቃ አብሮ ሲከፈት ይንቀረፈፋል። 2 ጊጋባይት መነሻ ነው፣ 4 ይመቻል። ካርፕሌዩ ብዙ ጊዜ ዚሊንክ በሚባል አፕ ይመጣል፤ ከመገጠሙ በፊት በራስዎ ስልክ ያስሞክሩ። ሲገጠም ሁለት ነገር አጠገቡ ቆመው ይዩ። ቢጫው ገመድ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለው፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚመጣው ነው። ገጣሚው ሁለቱን አንድ ላይ በቁልፉ መስመር ላይ ካሰረ፣ መኪናው በተነሳ ቁጥር ቴፑ ከዜሮ ይነሳል፣ ሰዓቱ ይጠፋል፣ ሳተላይት ፍለጋውም ይረዝማል። ሁለቱን በቋሚው ላይ ካሰረ ደግሞ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ባትሪውን ይጨርሳል። ሁለተኛው ጥቁሯ የጂፒኤስ አንቴና ናት። ከዳሽቦርዱ ፕላስቲክ ሥር ብትቀበር አይጎዳትም፤ ከብረት ሥር ግን አትሰማም፤ ብረት ያለው ጥቁር ፊልም (ቲንት) በተለጠፈበት መስታወት ሥርም እንዲሁ። ከዳሽካም (መንገዱን ከሚቀርጸው ካሜራ) አጠገብም አይለጥፏት፤ አንዳንድ ዳሽካሞች የሚረጩት ረብሻ ሲግናሉን ያፍነዋል። ሥራው ሲያልቅ በውጭ ቆመው የሳተላይት ቁጥሩን ይዩ፦ ቦታ ለማወቅ ቢያንስ 4 ያስፈልጋል፣ በክፍት ሰማይ ከ10 በላይ ካልታየ አንቴናዋ የተቀመጠችበት ይታይ።

የኤሌክትሪክ መኪና ላለው ሰው አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ የመኪናው ናቪጌሽን ትልቁ ጥቅሙ ባትሪውን ማወቁ ነው፤ የት ቆሞ ቻርጅ እንደሚያደርግ ያሰላል። እዚህ ካርታ ስለሌለው ይህ ጥቅም ይቀራል፣ ስልኩ ደግሞ ባትሪውን አያይም። ስለዚህ ሒሳቡ የሹፌሩ ነው። ከአዳማ አዲስ አበባ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይጨምራል። 2 ቶን የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ወደ ላይ ለመውጣት ብቻ 3.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ይህ በሜዳ ላይ 20 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ነው። መቶ ኪሎ ሜትሩ በራሱ 17 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ ድምሩ 20 ይደርሳል፤ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ላለው ሲሶው ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን የቀረ ኪሎ ሜትር አይመኑት፤ መኪናው በአንድ ቻርጅ የሚሄደው ርቀት የሚለካበት የቻይናው ሲኤልቲሲ ለጋስ ነው፣ ቁልቁል ወርደው አዳማ ሲደርሱ ደግሞ ይበልጥ ያጋንናል። በመቶኛው ይመሩ።

ውጭ አገር ላሉት ነገሩ ይለያል። አሜሪካ ካርታው ሙሉ ነው፣ ጥያቄው ዋጋና ዕድሜ ነው። የቆዩ ሲስተሞችን ካርታ ማደስ ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር በላይ ያስወጣል፣ ስልኩ በነፃ ይታደሳል። የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ሦስተኛውን ትውልድ (3ጂ) ኔትወርክ ሲዘጋ በእሱ የሚሠሩ መኪኖች ኢንተርኔታቸው ተቋረጠ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2012 የተሠሩ በርካታ የሆንዳና የአኩራ መኪኖች ሰዓታቸው ወደ 2002 ተመልሶ እስከ ነሐሴ ቆየ። ቴስላና ሪቪያን ለዓመታት ካርፕሌይ ሳይኖራቸው ቆይተዋል፤ ጄነራል ሞተርስም እ.ኤ.አ. በ2023 ከአዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖቹ እንደሚያወጣው አስታውቋል፤ እነዚህን የሚገዛ ሰው ወደደም ጠላም የሚጠቀመው በመኪናው ካርታ ነው። ቴስላ ላይ ያ ችግር አይደለም፣ የቻርጅ ስሌቱ ጥሩ ነው። ቮልቮና ፖልስታር ጉግል ማፕስን ራሱን መኪናው ውስጥ ስላስገቡት ምርጫው ራሱ ቀርቷል። እስራኤል ውስጥ ደግሞ ሰዉ የሚነዳው በዌዝ ነው፤ ኔትወርኩ ስለማይቋረጥ እዚያ ያዋጣል። የናቪጌሽን ፓኬጅ ተብሎ ለብቻው ዋጋ የተለጠፈበት አዲስ መኪና ካጋጠመዎት፣ ፓኬጁን ትተው ካርፕሌይ በመደበኛው ዋጋ ውስጥ መኖሩን ብቻ ያረጋግጡ።